የመስኮቷ ሴት አገጭ

ሰኞ

…ባለቤቴ በልጅነቷ ደረጃው ላይ ስትወድቅ ሕፃን እህቷን ታቅፋ ነበር ወይስ አዝላ? ነግራኛለች። ደጋግማ ነግራኛለች፤ የመጨረሻውን ግን ስልኬን እየጎረጎርኩ ነው የሰማሁት። የማስታውሰው አገጯን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይኸው፣ ማስረጃው እዚህ አለ» ብላ መሳቋን ነው። ጣቷ በየትኛው ጎን እንዳረፈ ግን—

ይህን እያሰብኩ ሳለ ኮምፒውተሩ ቆመ። ስክሪኑ መሃል አንዲት ሳጥን ብቅ ብላ «ዲስኩ ሞልቷል፤ መቀጠል አይቻልም» አለች። ታድሎ። እኔም ሞልቻለሁ፤ ግንባሬ ላይ ግን ሳጥን አይወጣልኝም።

የምርቃት ሰሞን ነው፤ ፎቶ ቤቱ ጥቁር ካባ በለበሱ ልጆች ተጨናንቋል። ካባው የእኛ ነው። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ያጠልቃል፤ ስለዚህ የዘንድሮ ምሩቅ ሁሉ፣ ሐኪሙም መሐንዲሱም፣ አንድ ዓይነት ላብ ይሸታል። ብልጭታ ያነሳል። ብልጭታ የምንለው ፎቶ አንሺያችንን ነው፤ ቁጣው እንደ ፍላሹ ቦግ ይልና እልም ይላል። እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ፊት አስተካክላለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ጥርስ አነጣለሁ፣ ጆሮ ወደ ጭንቅላት አስጠጋለሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለደንበኛው ሁሉ «ውይ እንዴት ያምራል!» ይላሉ፤ ገና ሳይነሳ።

ሳጥኗን ዘጋኋት። ተመልሳ መጣች። እንደ ዘመድ ናት።

ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ትናንት አመሻሽ ላይ ቦታ አስለቅቄ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጢም ብሎ ጠበቀኝ። ሌሊት እዚህ ማንም የለም። ኤሌክትሪክ እንኳ የለም።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው፦

«ደግሞ ሞላ?»

«ፕሮግራሙ ነው እትዬ። ሆዳም ነው። ፎቶ በከፈትኩ ቁጥር ለራሱ ሌላ ቅጂ ያስቀምጣል።»

«ሆዳም ከሆነ ለምን ትቀልበዋለህ?»

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ሻዬም ቀዘቀዘ።

ረቡዕ ማታ

ባለቤቴ ለጊዜው እናቷ ቤት ናት። ትንሽ እህቷ ስለምትመረቅ እያገዘቻት ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ላልጠየቀኝም እላለሁ፤ ዛሬ ለዳቦ ሻጩ ነገርኩት። «እና ስንት ዳቦ?» አለኝ።

ነገሩ ምንም አይደለም። እትዬ «ለመስኮቱ ደንበኛ የሚጠራ ፊት ያስፈልገናል» ሲሉ የባለቤቴን ፎቶ አቀረብኩ። በልደቷ ቀን ብልጭታ እያሳቀ ያነሳት ነው። ሁለት ቀን ሠራሁበት። በመጀመሪያው ቀን ቆዳውን አጠራሁ። ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ሳቋን ሳቀና ዋልኩ፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አፏ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ይመስል ነበር። ከዚያ የሰው ቁመት አህሎ ታተመና መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ባለ ታክሲው አንገቱን ያወጣል። በሕይወቴ ካስተካከልኳቸው ፊቶች ሁሉ እንደሱ የተዋጣልኝ የለም፤ ባለቤቴ ስለሆነች አይደለም ይህን የምለው።

ከሥራ ስትመለስ አየችው። ዣንጥላዋን እንደያዘች መስተዋቱ ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ ገባች። እኔን አይደለም ያናገረችው፤ ብልጭታን ነው።

«ይህች ማናት?»

«አንቺ ነሻ!» አለ ብልጭታ፣ ቀልድ መስሎት።

«እኔ ጠባሳ አለኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጥሩ ሴት ትመስላለች። ከእሷ ጋር ኑር።»

ሰው ሲናደድ ብዙ ነገር ይናገራል። ይዛ የሄደችው አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። ትልቁን።

ሐሙስ

እትዬ ስልኩን ዘግተው እየሳቁ ገቡ።

«ደስ አይልህም? የሚስትህ እህት ነበረች! የፊታችንን ሳይሆን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ቀጠሮ ያዘች። ለምርቃቷ ቤተሰቡ በሙሉ ሊነሳ ነው። እናትየው፣ አጎቶቹ፣ ሚስትህም ጭምር!»

ደስ ይላል አልኩ። እትዬ ፊቴን ትኩር ብለው አዩና «በል እሱንም ትንሽ አስተካክለው» አሉኝ።

የመስኮቱን ፎቶ ብንቀይረውስ አልኩ፣ ድንገት የመጣልኝ ሐሳብ አስመስዬ።

«እሷን አውርደን ማንን ልንሰቅል? አንተን? በዚህ ሰሞን? ሰዉን ከመንገድ እየጎተተች የምታስገባልን እሷ አይደለች እንዴ!»

ስለዚህ ጠባሳውን መመለስ፣ እንደገና ማሳተም፣ ቅዳሜ ሳይደርስ መቀየር አለብኝ። ትመጣለች፣ ታየዋለች፣ አገጯ እንደነበረ ነው። ከዚያ ሻንጣው ይመለሳል። አለቀ። የአንድ ሻይ ሥራ ነው።

ችግሩ ዋናው፣ ያልተነካካው ፎቶ የለም። ሰሞኑን ቦታ ሲጠፋ የቆዩ ፎልደሮች ተሰርዘዋል። ማን እንደሰረዛቸው መጠየቅ አሁን ምን ይጠቅማል?

ብልጭታ ግን ጠየቀ። «አንተ አይደለህ እንዴ የሰረዝከው?»

«እዚህ ቤት የምንሠራው በጋራ ነው» አልኩት።

ዓርብ

ጠባሳውን በግራ በኩል ሠራሁት። ምስማር መሰለ። በቀኝ በኩል ሠራሁት። ከምሳ የተረፈ ፍርፋሪ። ግራ የምለው የራሷን ግራ ነው ወይስ ፊት ለፊት ሳያት የሚታየኝን? ጎበጥ ይላል ወይስ ቀጥ ያለ ነው? የማላውቃት ተመራቂ አፍንጫ ላይ ስንት ቀዳዳ እንዳለ በቃሌ እነግራታለሁ። ይህን ግን።

ሙከራዎቹን አልጥልም፤ ምናልባት አንዱ ልክ ይሆናል። እያንዳንዱን በአዲስ ስም አስቀምጣለሁ። አገጭ። አገጭ የመጨረሻ። አገጭ የመጨረሻ እውነተኛው። አገጭ አሁንስ በቃ።

አመሻሽ ላይ የእትዬ ነጠላ ጫማ መሬቱን ሲጠርግ ይሰማኛል። ቤቱ ሲዘጋ ራሳቸው ቆጣሪው ጋ ሄደው የዋናውን ማብሪያ እጀታ ወደ ታች ይጥሉታል። የጎረቤት ሱቅ በኤሌክትሪክ ሲቃጠል አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አያምኑም። «እሳት አንኳኩቶ አይገባም!» ቋ። ጨለማ። ጫማቸውን ስሰማ አገጩን ከስክሪኑ ላይ እደብቅና ኮቴን ከወንበሩ ላይ አነሳለሁ። ፕሮግራሙን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የለም። ደግሞ ሲዘጋ ይጠይቃል፤ «ለውጦቹ ይቀመጡ?» ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ።

ቅዳሜ

የኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ። «ዶክተር» ነው የምንለው፤ ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ ለአቧራው ነው ባይ ነው። ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። ይህ የመጀመሪያው ሕክምናው ነው። ሁለተኛው፣ ማሽኑን ጀርባውን መታ መታ ማድረግ። ሦስተኛው፣ ሰው መጠርጠር።

«እዚህ ውስጥ የግል ነገር ያስቀመጠ አለ?»

ሁሉም ብልጭታን አየ። እኔም አየሁት።

«ኳስ ነው!» አሉ እትዬ። «ኳስ ሞልቶበት ነው!»

«እትዬ፣ ሁለት ጨዋታ ነው ያለኝ! ሁለት ጨዋታ ይህን ሁሉ ዲስክ ይበላል?»

«ጭማሪ ሰዓት ካለው ይበላል!»

ዶክተር የብልጭታን ፎልደር ጠራርጎ አጠፋው። «ከመጣያውም አውጥቼ ጥያለሁ» አለ ኮራ ብሎ። «ምጽአት ቢመጣ አይነሳም።»

ከኳሱ ጋር የብልጭታ ልጅ ቪዲዮ ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቆሞ የሄደ ዕለት፣ ከአልጋው እስከ በሩ። ይህን ያወቅነው ከጠፋ በኋላ ነው። ብልጭታ ቦግ አለ። ከዚያ እልም አለ፤ ይሄኛው እልም ማለት ግን የወትሮው ዓይነት አልነበረም። ካሜራውን አንጠልጥሎ ወጣ።

አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። አዛጋሁ።

እሑድ

ቤቱን ስበረብር ዋልኩ። ጠባሳዋ የሚታይበት አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ።

የሰርጋችን አልበም፦ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ። ሙሽራዋ እንደ ሳሙና ለስልሳለች። ሙሽራውም ለስልሷል፤ ለፍትሐዊነት ነው። በስልኬ ያነሳኋት፦ ስልኬ ሲያነሳ በራሱ ያለሰልሳል። እንደዚያ እንዲያደርግ ያዘዝኩት ገና ስገዛው ነው። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው፦ ባሕር ዳርቻ፣ ሁለታችን፣ ፊታችን ላይ መስመር የሚባል የለም፤ ሁለት እንቁላል ሽርሽር የወጡ ይመስላል።

ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ የለችም። በፎቶ ማለቴ ነው።

አልጋው ላይ ጋደም ብዬ እጄን በትራሷ በኩል ዘረጋሁ። ጣቴ ያስታውስ እንደሆን። ጣት ምን ያውቃል፣ ማውዝ ሲጫን የሚውል።

ሰኞ

ሞላ። ኳስም የለ፣ ምንም የለ። እትዬ ብልጭታን ገላመጡት፤ «ደግሞ ምን ከተትክበት?» ብልጭታ ሌንሱን መጥረግ ያዘ። ሰሞኑን ለእኔም መልስ አይሰጥም፤ «ቀና በሉ፣ ፈገግ» ብቻ ነው የሚለው፣ እሱንም ለደንበኛ።

አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። «እባክህ ትንሽ ብልህ አስመስልልኝ» አለኝ፣ ልጁ ሳይሰማ። መነጽር ጨመርኩለት። አባትየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንዲት እናት ደግሞ የልጇን አንገት አስረዝምልኝ አለች፤ አስረዘምኩ፤ «በቃ በቃ፣ ልትበር ነው!» አለች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ እጄ አይሳሳትም።

የአገጮቹን ነገር ለብልጭታ ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ

ምሽት ላይ ለሚስቴ እህት ደወልኩ። ለተመራቂዋ ማለት ነው። ብልሃት አዘጋጅቼ ነበር።

«ለቅዳሜው ፎቶሽ አስቀድሜ ልዘጋጅ ብዬ ነው። የምታስጠፊው ነገር አለ? ብጉር፣ ምልክት… ጠባሳ እንበል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጠባሳ የለኝም! የእኔን እሷ አይደለች የወሰደችልኝ።»

«አዎ፣ አዎ። ያ… ደረጃው ላይ።»

«እማዬ እስካሁን ታወራዋለች። ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ታቅፋኝ ስትወርድ አዳለጣት። እጇን ብትዘረጋ አገጯ አይነካም ነበር። ግን እጇ እኔን ይዟል። በአገጯ ነው ያረፈችው።» ሳቀች። «ለዚህ ነው እሷ ስትቆጣኝ አፌን ሞልቼ መመለስ የማልችለው።»

ታቅፋ። አላዘለችም፤ ታቅፋ።

«እና በየት በኩል ነበር?» አልኩ፣ ሳላስበው።

«ምኑ?»

«ምንም።»

ከበስተኋላዋ የሆነ ሰው ሳህን ሲያጥብ ይሰማል። የሳህኑን አጠባ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ማንኪያውን ለብቻው ነው የምታጥበው።

«ጋሼ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ረስተኸው ነው?»

«መስመሩ ይቆራረጣል፣» አልኩና ዘጋሁት። መስመሩ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነበር።

ረቡዕ

ስድስት ሠራሁ ዛሬ። ሁሉም አገጭ። አንዱም የሷ አይደለም።

ሞላ። አስለቀቅኩ። ሞላ።

ሽንት ቤት ስሄድ የሰማሁት፤ እትዬ በስልክ፦ «…እሱማ ደህና ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው። ምነው እሷን ትቶ እኔን ባስተካከለኝ!» ከዚያ ሳቅ። ሳቁ ለረጅም ጊዜ አላለቀም። እዚያው ቆሜ እስኪያልቅ ጠበቅኩ፤ በጨዋነት።

ቅዳሜ ሊደርስ ነው። ጫማቸው መጣ። ኮቴ የት—

ሐሙስ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ከመቶ በላይ የተመራቂ ፎቶ ልናትም ስንል ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈትም አለ። እትዬ ዶክተርን ከነጋውኑ አስጠሩት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥፍቶ አላበራም፤ ቁጭ ብሎ አየ። ሰው በትክክል ሲያይ ያስፈራል። አንድ የተሸሸገ ፎልደር ከፈተና አፏጨ።

«ሌቡን አገኘሁት።»

ብልጭታ ከደጅ ገባ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። እኔ ኮቴን አነሳሁ፤ ልማድ ነው።

«ይህ» አለ ዶክተር፣ «ፕሮግራሙ ሲሠራ ለጊዜው የሚጽፍበት ቦታ ነው። እንደ ወጥ ቤት መክተፊያ በሉት። በሥርዓት ከዘጋችሁት ከኋላው ጠራርጎ ይሄዳል። እናንተ ግን አትዘጉትም። በየማታው አንገቱን ትቀሉታላችሁ። አስከሬኑ እዚያው ይቀራል፤ በማግስቱ ሌላ ትደርቡበታላችሁ።»

እትዬ ቆጣሪው ወዳለበት ግድግዳ ቀስ ብለው ዞሩ። «እሳት…» አሉና ተዉት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ማብሪያውም ጥፋተኛ፣ ፕሮግራሙም ጥፋተኛ፣ ሰው ነፃ። ዶክተር ግን አገጩን እያሻሸ (የራሱን) ቀጠለ።

«የገረመኝ ግዝፈቱ ነው። የምርቃት ፎቶ ይህን አያህልም። ይህ የሰው ቁመት ያለው ነገር ነው። እስቲ ትልልቆቹን…» ተጫነ። ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ። ከዚያ ሁላችንንም ጠየቀ፦

«አገጭ የሚባል ደንበኛ አላችሁ?»

ከፈታቸው። አንድ በአንድ መክፈት ሲችል ሁሉንም በአንዴ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በሚስቴ ተሞላ። ጠባሳ በግራ፣ ጠባሳ በቀኝ፣ የጎበጠ፣ የቀጠነ፣ አንዱ ላይ ሁለት ጠባሳ፤ ያን ዕለት ደክሞኝ ነበር። ሁሉም ቀጥ ብለው እየሳቁ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ብልጭታ ጠጋ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ። «ልጄ የሄደው ከአልጋው እስከ በሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ሁሉ አገጭ የት ሊደርስ ነው?»

«ብልጭታ፣ እኔ—»

«ተወው።» ቦግ አላለም። «አሁንማ ይሮጣል። ሲሮጥ አነሳዋለሁ። ያቺን የመጀመሪያዋን ግን እንግዲህ በልቤ ነው የምይዛት።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ» አሉኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ «አንተ» ነበር ስሜ። «ይህን ሁሉ ከምትደክም ሄደህ ብታያት አይቀልም ነበር?»

ዶክተር ጉሮሮውን ጠራረገ። እንባ ከመጣ የሱ ሙያ አይደለም። «እሺ፣ አስከሬኑን አነሳሁ። አንድ ሌላ ቦታ የያዘ አለ። ፕሮግራሙ ፎቶ መጀመሪያ ሲገባ ለማሳያ ብሎ ለራሱ የሚያስቀራቸው ትንንሽ ቅጂዎች ናቸው። ዋናው ቢሰረዝም እነዚህ አይሰረዙም። ምንም አይጠቅሙም። ላጥፋቸው?»

ጣቱ ወረደ። እጁን ያዝኩት። ማሽን ሲጠግን እጁን ማንም ይዞት አያውቅም መሰለኝ፤ ደነገጠ።

«ሳይስተካከሉ በፊት ያሉት ናቸው?»

«እንደገቡ። ከነቆሻሻቸው።»

የልደቷን ቀን ፈለግን። ነበረች።

እንደ ጉርድ ፎቶ ታንሳለች። እየሳቀች ነው። ጠባሳው በግራም በቀኝም አይደለም። ከከንፈሯ በታች፣ ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ መስመርም አይደለም፤ በአውራ ጣት ጫን ተደርጎ የተተወ ሊጥ ነው የሚመስለው። ስትስቅ ቆዳው እዚያ ላይ ይያዝና አፏን ወደዚያ ይጎትታታል። ሳቋ የሚያጋድለው ለዚህ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያቀናሁት እሱን ነው።

ዓርብ

ትልቁን ፎቶ ከፈትኩ፣ ትንሿን አጠገቡ። አሁን የት እንደሆነ አውቃለሁ። ጠባሳውን ልክ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። ስንጥር ታህል ስሕተት የለውም። ከዚያ ፊቱ አላምርህ አለኝ፤ ጠባሳው እየጎተተ ሳቁ አይመጣም። ሳቁን አጋደልኩት። ግማሽ ፊቷ ሽባ የሆነ ሰው መሰለች። ዓይኗን ነካ አደረግኩ። አማቴን መሰለች። እዚህ ላይ እጄን አነሳሁ።

ፕሮግራሙን ዘጋሁት። «ለውጦቹ ይቀመጡ?» አለኝ። አይቀመጡ። ትንሽ አሰበና ተዘጋ። ዲስኩን አየሁ፦ ሰፊ ሜዳ። ኳስ ያጫውታል።

ትንሿን ባለችበት መጠን አተምኳት፤ ቢያሰፏት ትበታተናለች። መሰላል አምጥቼ የመስኮቷን ሴት አወረድኩና ባዶው መስኮት መሃል ትንሿን ሰቀልኩ። እትዬ ከመንገድ ማዶ ሄደው አዩት።

«ምን ሰቀልክ? ቴምብር?»

«እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ማታ ብቻ።»

«ከዚህ ሆኜ እኮ ሰው መሆኗ አይታወቅም!»

«ጠጋ ማለት ነው» አልኩ። የተናገርኩት ራሴን ገረመኝ።

ማጉረምረማቸውን አላቆሙም፤ ግን አላስወረዱኝም። ከሰዓት በኋላ ሲታይ መንገደኛው ምን ይሆን እያለ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ይለጥፋል። እትዬ ጨርቅ ይዘው የአፍንጫ ምልክት ሲጠርጉ አመሹ። ማብሪያውን ከመጣላቸው በፊት በሬን አንኳኩ። «ዘጋህ?» አሉ። አንኳኩተው።

ትልቋ ተጠቅልላ ክፍሌ ጥግ ቆማለች። አልፎ አልፎ ትንሸራተትና ትከሻዬን ትነካኛለች።

ቅዳሜ

መጡ። ከኋላ ክፍሌ በር ስንጥቅ አያቸዋለሁ። ብዕር ካልያዝኩ እጄ ወደ ማውዙ ስለሚሄድ እየጻፍኩ ነው።

አማቴ። ሁለቱ አጎቶች፤ አንዱ ካባውን አሽትቶ መለሰው። ተመራቂዋ፤ አየችኝና በቅንድቧ ብቻ ሰላም አለችኝ። ብልጭታ ልጁን ይዞት መጥቷል ዛሬ፤ ልጁ በመብራቶቹ መሃል ይሮጣል፣ ማንም አይዘውም።

እሷ አልገባችም።

ውጭ ናት። ዣንጥላዋ ይታየኛል። ትንሿ ፎቶ በሁለታችን መሃል ናት፣ ጀርባዋ ወደ እኔ፣ ፊቷ ወደ እሷ። መጀመሪያ ከሩቅ ቆመች። ከዚያ አንድ እርምጃ። ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ መስተዋቱን ሊነካ ነው። ፊቷ አይታየኝም፤ ትንፋሿ ብቻ መስተዋቱ ላይ ነጭ ክብ ሠርቷል፤ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል።

ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ፀጉሬን አስተካከልኩ። መልሼ በተንኩት።

«እህቴስ?» አለች ተመራቂዋ።

«እዚያው በር ላይ ናት» አሉ አማቴ። «አንቺ! ሰው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው!»

«እናቴ፣ ተይዋት» አሉ እትዬ። «ጠጋ ብላ እያየች ነው።»

«እሺ በሉ ቦታ ቦታችሁን ያዙ!» አለ ብልጭታ። «አጎት፣ ሆድ ወደ ውስጥ! መሃል ላይ ክፍት ቦታ ተዉ፣ የአንድ ሰው!»

መስተዋቱ ላይ ያለው ነጭ ክብ ጠፋ። ዣንጥላው ተጣጠፈ፤ ወይም ተዘረጋ፤ ድምፁ ያው ነው። ቀና ብዬ አላየሁም። ደብተሩን እያየሁ ነው። የውጭው በር ተከፈተና የመንገዱ ጫጫታ በሙሉ ገባ፤ መኪናው፣ ሎተሪ አዟሪው፤ የብልጭታ ልጅ ሳቅ ተጨመረበት። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

በሩ ተዘጋ። «ያ ክፍት ቦታ ያንቺ ነው» አለ ብልጭታ።